ቀስ ብዬ የበላሁበት ጊፋታ

እኔ ምግብ አልበላም ነበር፤ እውጥ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማዋረድ ብዬ አይደለም፤ አብረውኝ ያስተማሩ መምህራን ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። ሶዶ ውስጥ ለምሳ አምስት ሆነን አንድ ትሪ ስንከብ፣ ባልደረቦቼ የታጠቡት እጅ እስኪደርቅላቸው እኔ በእኔ በኩል ያለውን ጨርሼ የትሪውን ብረት አሳያቸው ነበር። "እሱ ካለ ጸሎቱን አሳጥሩት" ይባባላሉ። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ሳቁ ግን ከሚቀጥለው ጉርሻ አያዘገየኝም።

ልማዱ የቤት ነው። ያደግሁት ሁምቦ፣ ከተበላ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ሥር ነው። ስምንት ልጆች በአንድ ገበታ። ሁምቦ ቆላ ነው፤ ዝናብ ሲቀር በቆሎ ይቀራል፣ በቆሎ ሲቀር ገበታ ይጠባል። በዚያ ገበታ ላይ ያኘከ ሰው የበላ ሰው አይደለም። አንዱ ጉርሻ አፍህ ሳይደርስ ዓይንህ ሁለተኛውን መርጦ መጨረስ አለበት። ከሁሉም ታናሽ እኔ ነበርኩ፤ በዚህ ትምህርት አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ። መጨረሻ የሚወጣው ታላቅ ወንድማችን ነበር። አንዲት ጉርሻ አፉ ውስጥ ሲያንከባልል ገበታው ባዶ ይሆናል። እናታችን "ይሄ ልጅ እህል አይወድም፤ ምን ዓይነት ሆድ ነው የሰጠው!" እያለች ትገረም ነበር። እኛም አመንን። እህል የማይወድ ታላቅ ወንድም ማግኘት ትልቅ ዕድል ስለሆነ ማንም አልመረመረውም።

ይህን ወንድሜን ጋሼ እለዋለሁ። ቤታችን የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ "ጋሼ" የምትለዋን እኔ ሶዶ ስማር ከከተማ ይዣት ገባሁ፣ እሱም ወደዳት። ከዚያ ወዲህ በስሙ ብጠራው መልስ አይሰጠኝም። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ሞፈሩን የያዘው እሱ ነው። ስንቄን በየሳምንቱ ከተበላ በሚነሳ መኪና እየላከ ለመምህርነት ያበቃኝም እሱ ነው።

አሁን ወደማወራው ነገር ልግባ። አንድ ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ትምህርት ቤት ተቀምጬ ተማሪ ስመዘግብ ዓይኔ ጨለመ። አንድ ወላጅ የልጁን ካርድ ዘርግቶልኝ ቆሟል፤ ካርዱ መጀመሪያ ሁለት ሆነ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ስነቃ ሐኪም ፊት ነኝ፤ ባለቤቴም አጠገቤ ተቀምጣለች። ጨጓራዬ ቆስሏል፣ ትንሽ ደምም አፍስሷል። ሐኪሙ ምን እንደምበላ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"እንዴት ነው የምትበላው?" አለኝ።

"በእጄ" አልኩት።

አልሳቀም። ባለቤቴ ግን ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገር ዘርግፋ ነገረችው። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ኪኒኑን ጽፎ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦ "አፍህ ውስጥ አንድ ጉርሻ እያለ እጅህ ላይ ሌላ አይኑር። ዓይንህ ምግቡ ላይ ይሁን፣ አኝክ፣ አጣጥም። ጠገብኩ ከማለትህ በፊት ተነስ። ጥሬ ሥጋና ዳጣ ለጊዜው የሉም።" ዳጣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል የምንደቁሰው ማባያችን ነው፤ ዳጣ የለም ማለት ለእኛ ሰው በዓል የለም እንደ ማለት ነው።

"ዶክተር፣ ጊፋታ ደርሷል እኮ!" አልኩት። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል፤ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ቅቤ የሚወጣው፣ የደለበው በሬ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው።

"እሱን ለጨጓራህ ንገረው" አለኝ፤ ቀጣዩን በሽተኛም ጠራ።

ባለቤቴ የሐኪሙን ቃል ከሐኪሙ በላይ ያዘችው። ማታ ማታ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ገና ስጎርስ "እጅህን ጉልበትህ ላይ!" ትላለች። እኔ አስተማሪው፣ ስንቱን ተማሪ እጅህን አጣጥፍ ስል የኖርኩት፣ በገዛ ቤቴ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እያኘክሁ እሷ ትቆጥራለች። ሃያ ሳይሞላ ከዋጥኩ ትሪውን ወደ ራሷ ትጎትታለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በንዴት ነው ያሳለፍኳቸው፤ አንድ ቀንማ ተነስቼ ወጥቻለሁ፣ ርቦኝ ተመለስኩ እንጂ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጎደሬ ጣዕም እንዳለው አወቅሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ስበላው የኖርኩት ጎደሬ! መጀመሪያ ላይ ምንም አይልም፤ ሲቆይ መጣፈጥ ይጀምራል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት "እንኳን ደህና መጣህ" አለችኝ።

እንዲህ እያልን ሳለን ነው ከሁምቦ መልእክት የመጣው። አንድ የሰፈራችን ሰው ገበያ መጥቶ በራችንን አንኳኳና፣ "ጊፋታን መጥተህ እንድትውል የሰፈሩ ሽማግሌ ጠርተውሃል፤ ወንድምህም እሺ ብሏል" አለኝ። ቁጭ አልኩ። ከጋሼ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር።

ጠባችን በመሬት ወይም በከብት ቢሆን ምን ነበረበት። የእኛ ጠብ በአንድ ስብሰባ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የመጣ ነው። ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ተራቁቶ ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ኮረብታው ይከለል፣ ከብት አይግባበት፣ ጉቶው ያቆጥቁጥ ተብሎ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ጋሼ ተነሳና "ከብቶቼን ታዲያ የት ላሰማራ?" ብሎ ጠየቀ። ደህና ጥያቄ ነበር። እኔ በዕረፍት ጊዜ ከሶዶ መጥቼ እዚያው ተቀምጫለሁ፤ ምላሴ በላኝ። ተነስቼ "ይሄን ኮረብታ ያራቆተው እንዲህ ዓይነት ያልተማረ አስተሳሰብ ነው" አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ትምህርቱን ለእኔ ብሎ የተወውን ሰው ነው ያልተማረ ያልኩት። ጋሼ ተቀመጠ፤ ማታ ቤቱ ስሄድ በሩ አልተከፈተልኝም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ተኳርፎ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። ከበዓሉ በፊት ሽማግሌ ይገባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ከዚያ አንድ ገበታ ይቀርባል። ከታረቁት ሰው ፊት ምግብ የተወ፣ ቂሙን አልተወም ይባላል። እርቁን የሚያጸናው ቃሉ አይደለም፣ ሆድ የገባው ነው። እኛ ሁለት ጊፋታ ሳንታረቅ አልፎናል። ሦስተኛው ካለፈ ነገሩ ወደ ልጆቻችን እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን።

"ገና ሳትቀመጥ መታመምህን ንገረው" አለችኝ ባለቤቴ።

"አልነግረውም።"

"ለምን?"

ምክንያት ነበረኝ። በሰፈራችን ታላቁን ያሳዘነ ሰው ከታመመ "የወንድሙ ቃል ያዘው" ይባላል። ሁላችንም ወንጌል ተምረናል፣ እሑድ እሑድ እንዘምራለን፤ እርግማንን ግን ሙሉ በሙሉ የረሳን አይመስለኝም። ደም አፈሰስኩ ብል አገሩ ሁሉ ጋሼን ያየዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋሼ ራሱን ያያል። ካዋረድኩት በኋላ በእርቁ ቀን ይህን አላሸክመውም አልኩ። የሆዴን በሆዴ ይዤ፣ ትንሽ ትንሽ እየቀማመስኩ እወጣዋለሁ ብዬ ተማመንኩ። ባለቤቴ "አንተና ትንሽ ትንሽ!" ብላ ተወችኝ።

በበዓሉ ቀን በጠዋት ከሶዶ በሚኒባስ ተበላ ወረድን፤ ከዚያ በእግራችን ገባን። ኮረብታውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ድንጋዩ አይታይም። ቁጥቋጦው ከሰው ቁመት በልጧል። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ፤ ልክ የነበርኩበት ነገር ወንድሜን ያሳጣኝ በመሆኑ።

እርቁ ብዙ አልፈጀም። ሽማግሌው የሰፈራችን አንጋፋ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም አገልጋይ ናቸው፤ ረጅም ጸሎት እንጂ ረጅም ክርክር አይወዱም። "አጥፍተሃል?" አሉኝ። "አጥፍቻለሁ" አልኩ። ጉልበቱን ልስም ስወድቅ ጋሼ በሁለት እጁ ብብቴን ይዞ አነሳኝ። አቅፎኝ ትንሽ ቆየ። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ሰማሁ፤ የእኔም ተላቀቀ። "ዮ ዮ ጊፋታ!" ብለው ሽማግሌው የበዓሉን ዜማ አነሱ፤ ሁላችንም ተቀበልናቸው፣ ወደ ገበታው ገባን።

ገበታው ስፋት ነበረው፤ እንደ ልጅነታችን አልነበረም። ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራው ሙቿ በትልቅ ሳህን፣ ዳጣው በገበቴ፣ ጥሬው ሥጋ በእንሰት ቅጠል ላይ። ጋሼ ቢላዋውን አነሳና ከሁሉ የተመረጠውን ቦታ በረጅሙ ቆርጦ ከፊቴ አኖረው። ከዚያ ሳያየኝ፣ ቢላዋውን በቅጠሉ ጠርዝ እየጠረገ እንዲህ አለ፦

"ይሄ በሬ የደለበው በኮረብታው ሳር ነው። ከብት አይገባም፣ ሳሩን ግን አጭዶ ማውጣት ተፈቅዷል። እኔው ራሴ ነኝ ተሸክሜ ያወረድኩት።"

ልክ ነበርክ ማለቱ ነው። ኩሩ ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ አይናገርም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በጀርባው ሲሸከመው የኖረውን ነገር ቆርጦ ፊቴ አኖረልኝ። እኔ ደግሞ ያን ሥጋ መብላት አልችልም።

ከሙቿው ቆንጥሬ ጎረስኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። አኘክሁ። ባለቤቴ ከሴቶቹ መሀል ሆና አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ትቆጥራለች። ሌላ ቆነጠርኩ። ሥጋው ፊቴ ተጋድሟል። መጀመሪያ ሽማግሌው "መምህሩ ዛሬ ጾም ይዟል እንዴ?" ብለው ቀለዱ፤ ሰው ሳቀ። የወንድሜ ሚስት "ሥጋውን ለማየት ነው የመጣኸው?" አለች፤ ትንሽ ሰው ሳቀ። ሦስተኛ ጊዜ ማንም አልቀለደም። እኔ እንዴት እንደምበላ የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። የድሮው እኔ ብሆን ያን ሥጋ ጨርሼ የሽማግሌውን ነበር የማየው።

ጋሼ ቢላዋውን አስቀመጠ።

"ከልብህ ካልሆነ ለምን መጣህ?" አለኝ። ድምፁ አልጮኸም፤ ያ ነው የባሰው። "በሩን ዘግቼብህ ነበር፣ እሺ። አንተ ደግሞ የእጄን ምግብ ተውክ። ተካካስን።"

ተነስቶ ሊወጣ ነው። በሩ ጋ ሊደርስ ነው። እኔ ያን ጊዜ ያደረግሁት የድሮውን ነው፤ ሥጋውን አንስቼ ዳጣው ውስጥ ነከርኩና ወደ አፌ ወሰድኩት። ባለቤቴ ከተቀመጠችበት "ኧረ ተው!" ብላ ጮኸች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። የዳጣው ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ምራቄ መጣ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ቁስልም አብሮ ነቃ። እጄ አፌ ጋ ቆመ። ይህን አንድ ጉርሻ ብውጥ ወንድሜ ይመለሳል፤ ግን የተመለሰው በውሸት ይሆናል፤ እኔም ማታ ሶዶ ሳልደርስ ልወድቅ እችላለሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጉርሻ ከአፌ መለስኩ። ቅጠሉ ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ ታምሜ ነው" አልኩ። "ጨጓራዬ ቆስሏል። ደም አፍስሻለሁ። ሐኪም ከልክሎኝ ነው እንጂ ይሄን ሥጋ አልተውኩትም።"

ዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ልክ እንደፈራሁት።

"መቼ ነው የያዘህ?"

"ነሐሴ መጨረሻ።"

እዚያው በሩ ጋ ቁጭ አለ። "እኔ ነኝ" አለ። "ከስብሰባው ማታ፣ በሩን የዘጋሁብህ ለት፣ የበላኸው አይስማማህ ብያለሁ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። በማግስቱ ተጸጽቼ አልቅሻለሁ፤ ግን ብያለሁ።" የወንድሜ ሚስት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ለዚህ ነበር ሁለት ዓመት ሰው ሳይልክብኝ የቆየው፤ እኔ ተቀይሞኛል ስል፣ እሱ የገዛ ቃሉን ሲፈራ ኖሯል።

ያዳኑን ሽማግሌው ናቸው። የያዙትን ሥጋ ሳይለቁ፣ "እርግማን ቢሆን ያኔውኑ በያዘው ነበር" አሉ። "ይሄ እርግማን አይደለም፣ ሆዳምነት ነው! ይሄ ልጅ ሳያኝክ ሲውጥ እኔ ከልጅነቱ ጀምሮ አላየሁም? ጨጓራ ደግሞ ድንጋይ ነው?" ወደ እኔ ዞሩና "አንተስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? አስተማሪ ነህ አይደል?" አሉኝ።

"ሐኪሙም ያለው ይሄንኑ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ከልጅነት የመጣ ነው አለኝ። ጋሼ፣ ካንተ ቃል በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ስውጥ ኖሬያለሁ።"

"ትድናለህ?"

"እየዳንኩ ነው። ቀስ ብዬ ካኘክሁ እድናለሁ።"

"ቀስ ማለት ብቻ ነው?"

"ቀስ ማለት ብቻ ነው።"

ጋሼ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሙሉ ትከሻው፤ እየሳቀ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። እኔም ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። ሁለት ዓመት በደረቴ የተቀመጠው ሸክም ሲወርድልኝ ቀለለኝ። ባለቤቴ "ነግሬው ነበር! ንገረው ብዬው ነበር!" ትላለች ለሴቶቹ ሁሉ፤ ትበል፣ መብቷ ነው።

የወንድሜ ሚስት ከፊቴ የነበረውን ሥጋ አንስታ ወደ ማድ ቤት ይዛ ገባች። ዳጣውን ከላዩ አጥባ፣ አድቅቃ ከትፋ፣ በለጋ ቅቤ አብስላ በትንሽ ሸክላ መለሰችልኝ። ሌሎቹ ወደ ጨዋታቸው ተመልሰዋል፤ ጋሼ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ "አብሬህ እበላለሁ" አለ። ሁለታችን ብቻ ከአንድ ሸክላ መብላት ጀመርን።

ጎረስኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፣ አኘክሁ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም። ወይም ስበላው አይቼው አላውቅም። አልቸኮልኩም ነበርና እያኘክሁ ሳለሁ ዓይኔ ሥራ ፈታ፤ ሥራ ሲፈታ ወደ ጋሼ ሄደ። ጋሼም ትንሽ ቆንጥሮ ይጎርሳል። እጁ ወደ ሸክላው አይመለስም፤ ጉልበቱ ላይ ያርፋል። አፉ ውስጥ ያለችውን ያንከባልላል፣ ያንከባልላል፣ እኔ እስክጎርስ ይጠብቃል። ማንም አልቆጠረለትም። የማውቀው አበላል ነው፤ ስምንት ሆነን ስንበላ ከነበረበት ገበታ ጀምሮ ፊት ለፊቴ የነበረ፤ ግን እኔ ያኔ ዓይኔ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ነበር።

"ጋሼ" አልኩት፣ ልቀልድ ብዬ ነው፣ "አንተን ደግሞ የትኛው ሐኪም ነው እንዲህ ብላ ያለህ?"

"ምን ሐኪም አለ" አለኝ። "አንተ ነሃ። ትንሽ ነበርክ። እኔ እጄን ካላሳረፍኩ አንተ ጋ አይደርስም ነበር።"

ማኘኬን አቆምኩ። እናታችን ስትገረም፣ እኛ ስናምን፣ እሱ ዝም ብሎ ሲያኝክ ታየኝ።

"እህል አትወድም ነበር እኮ" አልኩት።

ሸክላውን አየ፤ ፈገግ አለ። "በጣም ነበር የምወደው" አለ።

በሸክላው ውስጥ ግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር። ወደ እሱ ገፋሁለት። ሊመልሰው እጁን ሲዘረጋ እኔ ቀድሜ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፤ እስኪጨርስም ጠበቅሁት።